ከወረቀቱ በፊት ምድጃው

የወረቀት ዋጋ ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ «አገሩ ባሕር ዛፍ ለብሶ ወረቀት ከውጭ የምንገዛው ለምንድን ነው?» ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ጥያቄው በርትቷል። ደብተር የሚገዛ ወላጅ፣ ሁለተኛ እትም ለማውጣት የሚያመነታ አሳታሚ፣ ገጹን የቀነሰ ጋዜጣ፣ ሁሉም በየፊናው ያነሣዋል። ወንጂ ያለው የኢትዮጵያ ፐልፕና ወረቀት አክሲዮን ማኅበር ለአሥርት ዓመታት ወረቀት ሲያመርት ኖሯል፤ ጥሬ ዕቃው ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ፐልፕና እዚሁ የሚሰበሰብ አሮጌ ወረቀት ነው። እንጨት ቀቅሎ ፐልፕ፣ ማለትም የወረቀት ቃጫ፣ የሚያወጣ ትልቅ የኬሚካል ፋብሪካ እስካሁን የለንም።

ጥያቄው ሰሜን ሸዋ ላይ ሲነሣ ደግሞ ይበልጥ ያሳምናል። ከጫጫ እስከ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም እስከ አንኮበር አፋፍ ድረስ ነጭ ባሕር ዛፍ የሌለበት ቦታ የለም፤ በአጥር ጥግ አለ፣ በቦረቦር ዳር አለ፣ ገብስ እምቢ ያለው ማሳ ላይም አለ። ሳይንሱ ኢዩካሊፕተስ ግሎቡለስ የሚለው ይህ ዛፍ በአውሮፓም የታወቀ ነው። ፖርቱጋል ትልቅ የፐልፕና የቢሮ ወረቀት ኢንዱስትሪ የገነባችው በዚሁ ዝርያ ላይ ነው። ቃጫው አጭርና እኩል፣ ቃጫውን የሚያጣብቀው ሊግኒኑም ትንሽ ነው፤ ከደረቅ እንጨቱ ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ፐልፕ ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራና የብርድ ልብስ ፋብሪካዎች ያሏት፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቅ ከተማ ናት። «እዚህ ካልሆነ የት ሊሆን ነው?» የሚል ሰው አይፈረድበትም።

እኔ ግን ክርክሩ ከተሳሳተ ጫፍ እንደተያዘ አምናለሁ። ሁሉም ዛፍ ይቆጥራል፤ ስለ እሳቱ የሚጠይቅ የለም። የኬሚካል ፐልፕ ፋብሪካ ወጪውም፣ አደጋውም፣ ትርፉም የሚወሰነው እንጨቱ ከተቀቀለ በኋላ የሚተርፈው ጥቁር ፈሳሽ በሚቃጠልበት ምድጃ ውስጥ ነው። ያንን ፈሳሽ በደንብ ማቃጠል ያልቻለ ፋብሪካ ወይ ይከስራል፣ ወይ ወንዝ ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያደርጋል። ስለዚህ ስለ ደብረ ብርሃን ፐልፕ ማውራት የፈለገ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የነጩ ባሕር ዛፍ ጥቁር ፈሳሽ በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዴት እንደሚነድ ነው።

ነገሩ ከቅቀላው ይጀምራል። ክራፍት በሚባለው ዘዴ የተሰነጣጠረ እንጨት ከኮስቲክ ሶዳና ከሶዲየም ሰልፋይድ ጋር በትልቅ የታሸገ ጋን ውስጥ ገብቶ እስከ 160 እና 170 ዲግሪ ይሞቃል። ቃጫዎቹን አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ሟሙቶ ይለቃል፤ ሴሉሎሱ ይቀራል። ሴሉሎሱ ታጥቦ ወረቀት ይሆናል። እጣቢው ደግሞ ሊግኒኑን፣ የተሰባበረውን ስኳርና ኬሚካሉን በሙሉ ይዞ ይወርዳል፤ ቡና አተላ የመሰለ፣ ሳሙና የሚያወጣ፣ የገማ ዕንቁላል የሚሸት ፈሳሽ ነው። ባለሙያዎቹ ብላክ ሊከር ይሉታል። ለአንድ ቶን ፐልፕ ከ7 እስከ 10 ቶን የሚደርስ ይህን ቀጭን ፈሳሽ ፋብሪካው ይሸከማል። ከፈሳሹ 15 ከመቶ ገደማው ጠጣር ነው፤ ከጠጣሩ ስድስት እጅ ያህሉ የእንጨቱ፣ አራት እጅ ያህሉ የኬሚካሉ ነው።

ካርል ዳል የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1879 ሲያወጣ ዋናው ብልሃት ማቃጠሉ ጭምር እንደሆነ ገብቶት ነበር፤ ፈሳሹ ደርቆ ሲነድ ኬሚካሉ ከአመዱ ውስጥ መልሶ ይገኛል። ይሁን እንጂ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ማቃጠሉ አድካሚና አባካኝ ሆኖ ቆየ። ክራፍት ዓለምን የጠቀለለው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ቶምሊንሰን የተባለ መሐንዲስ ካናዳ ውስጥ ፈሳሹን በመርጨት የሚያነድ፣ እንፋሎት የሚያመነጭና ኬሚካሉን አቅልጦ ከወለሉ የሚያስወጣ ቦይለር ከሠራ በኋላ ነው። ሪከቨሪ ቦይለር የሚሉት ይኸው ነው። ዛሬ በአንድ ፐልፕ ፋብሪካ ውስጥ ከዚህ ቦይለር የሚበልጥ ውድ ዕቃ ማግኘት ይከብዳል። ትልልቆቹ በቀን ከ10,000 ቶን በላይ ደረቅ ጠጣር ያነዳሉ።

ይህ ነዳጅ ከነዳጅ ሁሉ የከፋ ጠባይ አለው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሲጀመር ከጠጣሩ አራት እጅ ያህሉ ጨው ነው። ደረቅ ሆኖ እንኳ በኪሎ ከ13 እስከ 15 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ብቻ ይሰጣል፤ የጥሩ ድንጋይ ከሰል ግማሽ ነው። ወደ ምድጃው የሚገባው ደግሞ እርጥብ ሆኖ ነው። መጀመሪያ ውኃውን በሚያተኑ ተከታታይ ኢቫፖሬተሮች ውስጥ አልፎ ጠጣሩ ከ65 እስከ 80 ከመቶ እስኪደርስ ይወፍራል። በዚህ ጊዜ ቀዝቃዛ ሲሆን የማይፈስ ሬንጅ ይሆናል፤ ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሞቆ ነው በአፈሙዙ የሚረጨው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለማየት ከትልቁ ምድጃ ይልቅ አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ፣ ኦቦ አካዳሚ ውስጥ ሚኮ ሁፓና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያደረጉት ይህንን ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር የምትሆን ጠብታ በቀጭን ሽቦ ላይ አንጠልጥለው 800 እና 900 ዲግሪ የደረሰ ትንሽ ምድጃ ውስጥ ያስገቧታል፤ ካሜራው ይቀርጻል። ጠብታዋ ለአንድ ሁለት ሰከንድ እየተንቀጠቀጠች ውኃዋን ትተፋለች። ድንገት ቢጫ ነበልባል ይከባታል፤ ከውስጧ የሚወጣው ጋዝ ይነፋታል፣ ዲያሜትሯ ሦስት እጥፍ፣ ይዘቷ ሃያ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል። ነበልባሉ ሲጠፋ የቀረው ባዶ የሆነ፣ ቀዳዳ የበዛበት ፍም ነው። ፍሙ ለጥቂት ሰከንዶች እየጋለ ይኮማተራል፤ በመጨረሻ ሽቦው ጫፍ ላይ የምታብረቀርቅ ትንሽ የቀለጠ ጨው ትንጠለጠላለች። ሁሉም በአሥር ሰከንድ ገደማ ያልቃል። በበጋ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሴቶች ጠፍጥፈው የሚያሰጡትን ኩበት አጥብቆ ያየ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ ያልደረቀው መጀመሪያ ይጤሳል፣ ቀጥሎ ይንበለበላል፣ ከዚያ ይፍማል። ልዩነቱ የኩበቱ አመድ የሚደፋ ሲሆን የጥቁሩ ፈሳሽ አመድ ግን ፋብሪካው ከምንም በላይ የሚፈልገው ሀብት መሆኑ ነው።

የመነፋቷ ነገር የላብራቶሪ ጨዋታ አይምሰላችሁ። በደንብ የተነፋ ጠብታ ቶሎ ይነዳል፤ ግን ቀላል ስለሚሆን ወደ ላይ የሚጋልበው ጋዝ ይወስደዋል። የተወሰደው ግማሽ ነዶ፣ ግማሽ ቀልጦ የእንፋሎት ቱቦዎች ላይ ይለጠፋል፤ ቀናት ሲቆጠሩ ቱቦዎቹ ጨው ይለብሳሉ፣ የጋዙ መንገድ ይዘጋል፣ ምድጃው ቆሞ ይታጠባል። የማይነፋ ጠብታ ደግሞ ሳይደርቅ ወለሉ ላይ ይወድቅና የፍሙን ክምር ያጠፋዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ጠብታዋን ከመጠን በላይ እንዳትደቅ፣ ከመጠን በላይም እንዳትከብድ አድርጎ መርጨት አለበት። በሌላ ቦይለር ነዳጁን የቻሉትን ያህል ማድቀቅ ነው ደንቡ፤ እዚህ ግን ሆን ተብሎ ሻካራ ይረጫል።

ወለሉ ላይ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከላይ በቂ አየር አግኝቶ የሚነድደው ምድጃ ከታች አየር እንዲያጥረው ይደረጋል። ምክንያቱም በፍሙ ክምር ውስጥ ያለው ካርቦን ከሶዲየም ሰልፌት ላይ ኦክሲጅኑን ነጥቆ ወደ ሶዲየም ሰልፋይድ መመለስ አለበት፤ ያለዚያ ነገ እንጨት የሚቀቅል ኬሚካል አይኖርም። ጥሩ ቦይለር ከ90 ከመቶ በላዩን ይመልሳል። የቀለጠው ጨው 800 ዲግሪን አልፎ እንደ ቀይ ማር በአሸንዳዎች ወርዶ ውኃ ያለበት ጋን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኖራ ታክሞ ወደ መቀቀያው ይመለሳል። ዑደቱ በደንብ ከተያዘ ከኬሚካሉ 95 ከመቶና በላይ አይባክንም።

አደጋውም ያለው እዚሁ ነው። የቀለጠው ጨው ምድጃው ውስጥ እያለ ውኃ ከነካው ይፈነዳል። የምድጃው ግድግዳ ደግሞ በከፍተኛ ግፊት ውኃ የተሞላ ቱቦ ነው። አንዲት ቱቦ ከሾለከች ኦፕሬተሩ ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ሕንፃው ይለቀቃል፣ የቦይለሩ ውኃ እስከ ተወሰነ ከፍታ ድረስ ባስቸኳይ ይፈስሳል። ከተደጋጋሚ ፍንዳታዎች በኋላ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ጉዳይ ብቻ የቆመ አማካሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ጠጣሩ ከ58 ከመቶ በታች የሆነ ፈሳሽ ወደ ምድጃው እንዳይገባ በራሱ የሚቆረጥበት ደንብም የዚያ ልምድ ውጤት ነው፤ የቀጠነ ፈሳሽ በቀለጠ ጨው ላይ እንደ ውኃ ነውና።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን እንውጣ።

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 71 እና 72 ከመቶ ያህል ነው። ምድጃው ለአንድ ኪሎ ጠጣር የሚፈልገው የኦክሲጅን ክብደት አይቀንስለትም። ስለዚህ ማራገቢያዎቹ ያንኑ ክብደት ለማስገባት አንድ ተኩል እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ይዘት፣ በስሌት 1.4 እጥፍ ገደማ፣ መግፋት አለባቸው። ማራገቢያ ማሳደግ ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ጋዙም በዚያው ልክ መስፋቱ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በተሠራ ፕላን ያንኑ ምድጃ እዚህ ብናቆመው ጋዙ በውስጡ በ1.4 እጥፍ ፍጥነት ይሽቀዳደማል። ጠብታዋ ስስ በሆነ አየር ውስጥ በተወሰነ ደረጃ ፈጥና መውደቋ እውነት ነው፤ የዚያ ፍጥነት ጭማሪ ግን 20 ከመቶ ቢሆን ነው። ሚዛኑ ወደ ላይ ያጋድላል። የሚወሰደው ጠብታ ይበዛል፣ ቱቦዎቹ ቶሎ ይዘጋሉ። መፍትሔው ምድጃውን ማስፋት ነው፤ ማስፋት ማለት ብረት ነው፤ ብረት ማለት ዶላር ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ስውር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሊሞላ ሲል ነው። የወፈረው ፈሳሽም የመፍያ ነጥቡ በዚያው ልክ፣ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል፣ ይወርዳል። ፈሳሹ ከመፍያ ነጥቡ በላይ ሞቆ ከአፈሙዙ ሲወጣ በቅጽበት እንፋሎት ስለሚሆን ጠብታው ይበታተናል፣ ይደቅቃል። ባሕር ዳርቻ ላይ ደህና የነበረ የመርጫ ሙቀት እዚህ ጠብታዋን አቧራ ሊያደርጋት ይችላል። ሙቀቱን እንቀንስ ብንል ፈሳሹ ይወፍራል፣ አልረጭ ይላል። መካከለኛው መንገድ አለ፤ ነገር ግን ካታሎግ ላይ አይገኝም፣ በዚሁ እንጨት ፈሳሽ ተሞክሮ ብቻ ነው የሚታወቀው። «ቴክኖሎጂው ዓለም ያወቀው ነው፤ ገዝቶ መትከል ነው» የሚለውን አባባል የምጠራጠረው ለዚህ ነው። ብራዚልና ኡራጓይ ውስጥ የሚሠሩት ግዙፍ የባሕር ዛፍ ፋብሪካዎች ያሉት ከእኛ ደጋ እጅግ ዝቅ ባለ መሬት ላይ ነው።

ዛፉም ራሱ ሁለት ፊት አለው። ሊግኒኑ ትንሽ በመሆኑ ፐልፕ ይበዛለታል ብለናል። ያው ትንሽነት ጥቁሩን ፈሳሽ ያደኸየዋል፤ ሙቀት የሚሰጠው በዋናነት ሊግኒኑ ነውና። የጥድ ፈሳሽ በኪሎ ከባሕር ዛፍ ፈሳሽ የተሻለ የሚያሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለወረቀት የተሻለ ዛፍ ለምድጃው የደከመ ነዳጅ ይሰጣል። በዚህ ላይ ፖታሲየምና ክሎሪን አለ። ሁለቱም በዑደቱ ውስጥ እየተጠራቀሙ የአመዱን የመቅለጫ ነጥብ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ደረቅ ሆኖ መውደቅ የነበረበት አቧራ ቱቦ ላይ እንደ ሙጫ ይለጠፋል። ከእንጨቱ ይልቅ በልጡ ውስጥ ስለሚበዙ ልጡ በደንብ መላጥ አለበት። አምስትና ስድስት ዓመት ብቻ ቆይቶ የሚቆረጥ፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጥ የሰሜን ሸዋ ቀጭን አጣና ደግሞ ከወፍራም ግንድ ጋር ሲነጻጸር በክብደቱ ልክ ብዙ ልጥ አለው።

«ባሕር ዛፉ ካስቸገረ ገለባው አለ፣ ቀርከሃው አለ» የሚል ይኖራል። እነዚህ ከባሕር ዛፍ የባሱ ናቸው። ሲሊካቸው ብዙ ነው፤ ሲሊካ በጥቁሩ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ኢቫፖሬተሩን እንደ ድንጋይ ይለብሳል፣ ፈሳሹን ያወፍራል፣ ጠብታዋ እንዳትነፋ ያደርጋል። አሌክሳንድሪያ የነበረው የግብፅ ራክታ ፋብሪካ ከሩዝ ገለባ ፐልፕ ሲያወጣ ጥቁሩን ፈሳሽ ያለ ሕክምና ወደ አቡ ቂር የባሕር ወሽመጥ ሲለቅ የኖረው ይኸው ችግር ስላለ ነው። ቻይና በሁዋይ ወንዝ ተፋሰስ በገለባ የሚሠሩ ትንንሽ ፋብሪካዎች ወንዙን ጥቁር ካደረጉት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1996 በዓመት ከ5,000 ቶን በታች የሚያመርቱትን በትእዛዝ ዘጋች። ትንሽ ፋብሪካ ሪከቨሪ ቦይለር ለመግዛት አቅም የለውም። ፐልፕን በአነስተኛ ደረጃ ጀምረን ቀስ በቀስ እናድጋለን የሚለው የተለመደ የኢንቨስትመንት ጥበባችን እዚህ አይሠራም፤ ትንሹ ነው ወንዝ የሚገድለው።

ቅርባችን ያለው ምሳሌ ኬንያ ነው። ዌቡዬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ የጀመረው ፓን አፍሪካን ፔፐር ሚልስ የምሥራቅ አፍሪካ ኩራት ነበር። የራሱ የጥድ ደን ተተክሎለታል፣ መንግሥትና የውጭ ባለሀብት አብረው ገብተውበታል። ነዋሪው ግን በየዕለቱ የሰልፈሩን ሽታ ሲተነፍስ፣ ቆርቆሮው ያለ ዕድሜው ሲዝግ፣ የንዞያ ወንዝም ፍሳሹን ሲሸከም ኖረ። ዕዳ ተጠራቀመ፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘጋ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ራይ ግሩፕ ወደተባለ ኩባንያ ተላለፈ። ዛፍ አጥሮት ብቻ አልነበረም የወደቀው፤ በርካሽ ኃይልና በተመለሰ ኬሚካል መኖር የነበረበት ፋብሪካ የመብራት ዕዳ እየቆለለ ሄደ።

የእኛስ ኬሚካል ከየት ይመጣል? አንድ ቶን ፐልፕ ለመቀቀል እስከ 400 ኪሎ የሚደርስ አልካሊ ያስፈልጋል። ዑደቱ ከሠራ በየቀኑ የሚገዛው ጥቂቱ የባከነው ብቻ ነው፤ ካልሠራ ሁሉም ነው። ሶዳ አሽ ከአቢጃታ ሐይቅ ሲወጣ ኖሯል፤ የሐይቁ መሸሽ ግን ለሁሉም የታወቀ ነው። ኖራው ላይ ዕድለኞች ነን፤ የጀማ ሸለቆ በኖራ ድንጋይ የታወቀ ነው፣ ለሚ ላይ የቆመው የሲሚንቶ ፋብሪካም ያንኑ ተከትሎ የመጣ ነው። እዚህ ላይ ሰሜን ሸዋ ከብዙ ቦታ ትሻላለች።

እንጨቱን በቁጥር እንየው። በዓመት 100,000 ቶን ፐልፕ ማውጣት በዓለም ሚዛን ትንሽ ነው፤ ሪከቨሪ ቦይለር ለማቆምም ዝቅተኛው ጠርዝ አካባቢ ነው። ለአንድ ቶን 3.5 ሜትር ኩብ እንጨት ብንወስድ 350,000 ሜትር ኩብ በየዓመቱ ይፈለጋል። አንድ ሄክታር በዓመት 15 ሜትር ኩብ ይሰጣል ብንል ከ23,000 ሄክታር በላይ ለዚህ ብቻ መዋል አለበት። ይህ መሬት በአንድ ባለቤት እጅ የለም፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ገበሬዎች ጓሮና ድንበር ላይ ተበጣጥሶ ነው ያለው። ገበሬው ደግሞ ሞኝ አይደለም። አጣናው ለግንባታ በቁመቱ ሲሸጥ የሚያወጣለትን ዋጋ ፋብሪካው በቶን መዝኖ ሊከፍለው አይችልም። ዛፉ ለገበሬው ባንክ ነው፤ ልጁን ሲድር፣ ዕዳ ሲመጣበት፣ ማዳበሪያ ሲገዛ ይቆርጠዋል። ፋብሪካ ግን በየቀኑ ነው የሚበላው።

ከዚህ የሚከተለውን ግን ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም። ሸዋ የማገዶን ታሪክ ታውቃለች። የሸዋ ነገሥታት ከአንጎለላ አንኮበር፣ ከአንኮበር ልቼ፣ በመጨረሻም እንጦጦ ሲወጡ ሲወርዱ፣ ቤተ መንግሥት ካረፈበት ቦታ እንጨት ሲያልቅ መነሣት አንዱ ምክንያት ነበር። አዲስ አበባ እንዳትነሣ ያደረጋት በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ደጋው ሰሜን ሸዋ ግን ከዛፉ ጋር ዛሬም ኩበት ያነዳል፤ እርሻው ላይ መውረድ የነበረበት እበት ምጣድ ሥር ያልቃል። ፋብሪካ መጥቶ እንጨቱን በገንዘብ ቢስበው የማጀቱን ጉድለት የሚሞላው ኩበት ነው። ፋብሪካው የሚወስደው ግንዱን ነው፣ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ለማገዶ ይቀራል የሚል መልስ አለ፤ ግማሽ እውነት ነው፤ የከተማውን ማገዶ የሚሸፍነው ግን ፍልጡ ነው። ወረቀቱ ርካሽ ሆኖ መሬቱ እበት ካጣ ሒሳቡን ማን ይሠራዋል?

ጥቁሩ ፈሳሽ ነዳጅ ስለሆነ የከተማው የኃይል ችግር ይፈታል የሚል ተስፋም አለ። ከአንድ ቶን ፐልፕ የሚተርፈው ጠጣር 20 ጊጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል፤ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ያንኑ ፈሳሽ ለማወፈር፣ እንጨቱን ለመቀቀልና ወረቀቱን ለማድረቅ ተመልሶ ይገባል። ለውጭ መብራት የሚሸጡት ግዙፎቹና አዳዲሶቹ ናቸው። ስለዚህ ነዳጅ ሲወራ አንድ የአሜሪካ ቀልድ አለ። ለአማራጭ ነዳጅ ቀደም ብሎ የወጣ የግብር ማበረታቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሁልጊዜም ጥቁሩን ፈሳሽ በነጻ ሲያነዱ የኖሩት ፋብሪካዎች ጥቂት ናፍጣ ጠብ አድርገውበት «ድብልቅ ነዳጅ ነው» ብለው ከመንግሥት ካዝና ቢሊዮኖች ዶላር ሰበሰቡ። ሕግ አውጪው ስለ ምድጃው ሳያውቅ ሲቀር የሚከተለው ይህን ይመስላል።

ቦታውንም እናስብ። በሬሳ ወንዝ በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል። በበጋ ይከሳል፤ በዳርቻው አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች የሚያጠጡት እርሱን ነው፣ የነባር ፋብሪካዎች ፍሳሽም አለበት። ፐልፕ ፋብሪካ ጥሩ የሚባለው እንኳ ለአንድ ቶን 20 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይጠጣል። ከዚያ በላይ የሚያስፈራው የቦይለሩ ጉዳይ ነው። ምድጃው ለእጥበት ወይም ለጥገና ሲቆም መቀቀያው አብሮ ካልቆመ ጥቁሩ ፈሳሽ መሄጃ ያጣል። ጋኖቹ ሲሞሉ ሌሊት ቫልቭ ይከፈታል፤ ወንዞች በአብዛኛው የሚሞቱት በዕለት ተዕለት ፍሳሽ ብቻ አይደለም፣ በእንዲህ ያለ ሌሊትም ነው።

ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አንኮበር አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ሌላ ሐሳብ ሊመጣለት ይችላል። ከእግሩ ሥር መሬቱ ወደ አልዩ አምባ፣ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ይንደረደራል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አየሩ ይወፍራል፤ የምድጃው ችግር ይቃለላል፣ እንጨቱም በቁልቁለት ይወርዳል። በምሕንድስና ዓይን የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን ከአፋፉ ወዲያ የሚፈሰው ውኃ የዓባይ አይደለም፤ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ የወሰደውን ሁሉ ይዞ በረሃ ውስጥ ይቀራል። ሶዲየም የበዛበት ፍሳሽ ለአዋሽ መስኖ መርዝ ነው። በዚያ ተዳፋት ላይ የወፍ ዋሻ ደን ጽድና ወይራ አለ፤ የአንኮበር ሴሪን የምትባለው፣ ዓለም የእኛ ብቻ መሆኗን የሚያውቃት ትንሽ ወፍም የምትኖረው በዚያ ገደል ነው። እኔ በበኩሌ ደብረ ብርሃንን ሸሽቶ አንኮበር ሥር መግባትን አልደግፍም።

ታዲያ ተስፋ የለም? ለክራፍት ፐልፕ ያለው ተስፋ ጠባብ ነው ባይ ነኝ፤ ለወረቀት ግን ሰፊ ነው። አሮጌ ወረቀት ሰብስቦ መልሶ መሥራት ጥቁር ፈሳሽ የለውም፣ እንዲህ ያለ ምድጃ አይፈልግም፣ በትንሹ ሊጀመር ይችላል። ካርቶን ለሚፈልጉት ለኢንዱስትሪ ፓርኩና ለቢራ ፋብሪካዎቹ ይህ ይበቃል። ለነጭ ወረቀት የሚሆነውን ቃጫ መግዛታችን ለጥቂት ዓመታት ይቀጥላል፤ ያሳፍራል ብዬ አላስብም።

ቢሆንም በሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት የለብንም፤ የሚመረመረውን ግን በቅደም ተከተሉ እንመርምረው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከፍታው ላይ፣ ከዛፉ መሐል ተቀምጧል። ከአጣና ነጋዴ ግቢ ጥቂት ግንድ፣ አንድ ትንሽ የግፊት መቀቀያ፣ 900 ዲግሪ የሚደርስ የላብራቶሪ ምድጃ፣ ሽቦና ካሜራ ካለ የነጩ ባሕር ዛፍ ጠብታ እዚያው አየር ውስጥ ስንት እጥፍ እንደምትነፋ፣ በስንት ሰከንድ እንደምትነድ፣ አመዷ በስንት ዲግሪ መለጠፍ እንደሚጀምር መለካት ይቻላል። ልጥ ያለውና የሌለው፣ የአምስት ዓመቱና የአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ የደብረ ብርሃኑና የአንኮበሩ ለየብቻ ይሞከር። ይህ የአንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ነው። ማንኛውም ባለሀብት «የፐልፕ ፋብሪካ ላቁም» ብሎ የመሬት ጥያቄ ይዞ ሲመጣ የኢንቨስትመንት ቢሮው ከካፒታሉ መጠን በፊት የሚጠይቀው ይህን ቁጥር ይሁን፤ ቀጥሎም ምድጃው በቆመበት ቀን ጥቁሩ ፈሳሽ የት እንደሚያድር።